ወጋየሁን ሰማነው እንጂ አላየነውም

የወጋየሁ ንጋቱ ስም በተነሣ ቁጥር የሚባለው አንድ ነገር ነው፤ «ድምፁ!» ይባላል። ከዚያ ራስ ይነቀነቃል፣ ከንፈር ይመጠጣል፣ ወሬው በዚያው ይዘጋል። ሰውየው በ1982 ዓ.ም. ዐርፏል። ዛሬ በዲላ ጎዳና ደብተር ይዘን የምንመላለሰው ያን ጊዜ አልተወለድንም። ድምፁን ግን እናውቀዋለን። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ትረካ ከቴፕ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ስልክ እየተገለበጠ እኛ ዘንድ ደርሷል። ከአዲስ አበባ እስከ ዲላ ያለውን 360 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ያለ አውቶቡስ የመጣ ድምፅ ነው።

እኛ ዛሬ ልንሟገት የተነሣነው ታዲያ ከዚሁ «ድምፁ!» ከሚሉት ቃል ጋር ነው።

ነገሩ ምስጋና ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ስንፍና አለበት። ወጋየሁ ዜና አንባቢ አልነበረም። የመድረክ ተዋናይ ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል በ1956 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ብቅ ካለው ትውልድ ነው፤ እነ ተስፋዬ ገሠሠ ከአሜሪካ ተምረው በተመለሱበት፣ እነ ፀጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት በጻፉበትና በተረጎሙበት፣ እነ ደበበ እሸቱ በመድረክ በተነሡበት ዘመን። ያ ትውልድ ቴአትርን ከእሑድ ጨዋታነት አውጥቶ ሙያ ነው ያለ፣ ልምምድ ይፈልጋል ያለ፣ ተዋናይ ይማራል ያለ ትውልድ ነበር። ከዚያ ትውልድ አንዱን ሰው ወስደን ጉሮሮውን ብቻ ብናስቀር፣ አክብረነዋል ማለት ነው? አንድን አራሽ «እጀታው እንዴት ያምር ነበር!» ብሎ እንደ መቅበር አይሆንብንም?

ትረካውን እናቃልላለን የሚለን አይኑር። አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ፊታውራሪ መሸሻንም፣ ሰብለ ወንጌልንም፣ በዛብህንም፣ ጉዱ ካሣንም ሆኖ ሲናገር ማን የማን እንደሆነ ሳንጠይቅ የምንከተለው በጉሮሮ ውበት አይደለም። የፊታውራሪው ትንፋሽ አጭርና ቁጡ ነው፤ ሆዳቸው ከቃላቸው ቀድሞ ሲመጣ ይታየናል። ጉዱ ካሣ ሲናገር ደግሞ ነገሩን የጨረሰ መስሎን ገና ሌላ ሐሳብ ከውስጥ ይመጣል። ይህ ሥራ ነው። ይህ ሥራ የተማረው የት ነው? መድረክ ላይ ነው። በሬዲዮ የምንሰማው የመድረኩን ትራፊ ነው፤ ትራፊው ይህን ያህል ከጣፈጠ ገበታውስ ምን ይመስል ነበር?

እስቲ ልዩነቱን እናንሣው፤ ብዙ ሰው ያልፈዋልና።

ማይክሮፎን አፍ ሥር ነው። ሹክሹክታ ብታወራለት ሹክሹክታህን አንሥቶ ጌዴብ ድረስ ያደርስልሃል። መድረክ ላይ ግን ያቺው ሹክሹክታ በመጨረሻው ረድፍ፣ በር አጠገብ የተቀመጠው ሰው ጆሮ መድረስ አለባት፤ ያውም ሹክሹክታነቷን ሳትለቅ። ጩኸት ከሆነች ጨዋታው ተበላሸ። ካልተሰማችም ተበላሸ። ይህን ለማድረግ ተዋናዩ ሆዱን፣ ጀርባውን፣ የቆመበትን እግር ያዘጋጃል። የፀጋዬ ቤት እየተባለ የሚጠራውን ያን ረጅምና ክብድ ያለ ስንኝ በአንድ ትንፋሽ ተሸክሞ፣ መሐል ላይ ሳይወላከፍ፣ ደግሞም የተጠና ግጥም ሳያስመስል ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ፣ ዛሬ ማታ ዶርም ውስጥ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ይሞክር። ጎረቤት «ኧረ ተኙ!» እስኪል ድረስ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዝምታው ነው። ሬዲዮ ላይ ዝምታ ብልሽት ነው፤ አድማጩ ባትሪ ያለቀ መስሎት ሬዲዮውን በመዳፉ ይመታዋል። መድረክ ላይ ግን ዝምታ የጨዋታው እኩሌታ ነው። ፀጋዬ ወደ አማርኛ የመለሰውን «ኦቴሎ»ን እናስብ። ኢያጎ ያን መርዝ ጠብ ጠብ ሲያደርግ ኦቴሎ በብዛት የሚሠራው ምንድነው? መስማት ነው! መጽሐፉ ላይ አንዲት ቃል፣ አንዲት አጭር ጥያቄ ብቻ ተጽፎለታል፤ አንባቢ በዓይኑ ዘሎት ያልፋል። ተዋናዩ ግን በዚያች ቃልና በሚቀጥለዋ መካከል አንድ ትዳር ሲፈርስ በፊቱ፣ በትከሻው፣ በእጁ ማሳየት አለበት። ያንን ማንም ቴፕ አይቀዳውም። ጽሑፈ ተውኔቱም አይነግረንም። ፈተና ላይ ግን «የኦቴሎን ጠባይ አብራራ፤ 5 ነጥብ» እንባላለን። እናብራራለን፤ አምስቱንም እናገኛለን። ማንን እንዳብራራን እግዜር ይወቀው።

እንግዲህ ወጋየሁ ሲሰማ ምን ይመስል ነበር? ሌላው ሲናገር እሱ የት ይቆም ነበር? እጁስ? ይህን የሚያውቁት በየአዳራሹ ተቀምጠው ያዩት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም እያረጁ፣ እያረፉ ነው። ማን ጠየቃቸው? በየዝክሩ የሚጠየቁት «ድምፁስ?» ተብለው ነው።

ይህ ጉዳይ ለአዲስ አበባ ሰው የትዝታ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ከዚያ ይብሳል፤ ምክንያቱን እንናገራለን።

አገር ፍቅር በ1927፣ ብሔራዊው (ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር) በ1948፣ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ በ1957 ተከፈተ። ሁሉም አዲስ አበባ ነው። በደርግ ዘመን በየአውራጃው የኪነት ቡድን ነበር፤ መፈክር ይበዛበት ነበር ይባላል፣ ይብዛበት፣ ቢያንስ ሰው ቆሞ ሰው ያይ ነበር። ለዲላ፣ ለወናጎ፣ ለይርጋ ጨፌ፣ ለቡሌ ሰው የደረሰው ታላቅ ተዋናይ በሬዲዮ የደረሰው ብቻ ነው። ሬዲዮ ደግሞ የሚያደርሰው ቃል ነው። ቃሉ አማርኛ ነው። ቤቱ በጌዴኡፋ ለሚናገር ገበሬ፣ አማርኛውን ገበያ ላይ ለተማረ አባት፣ ከጓሮዋ ከቡናና ከእንሰት ሳትርቅ ለኖረች እናት፣ የሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም አማርኛ በጆሮ ብቻ ሲመጣ ግማሹ መንገድ ላይ ይፈስሳል። ሰውነት ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። ፊታውራሪ መሸሻ ወንበር ላይ ሲቀመጡ፣ ገባሩ ፊታቸው ሲቆም፣ ማን ማንን እንደሚበላ በየትኛውም ቋንቋ ይገባል። ስለዚህ ድምፁን አስቀርተን አካሉን በመጣላችን የተጎዳው ይበልጥ ማን ነው? አካሉን ይበልጥ ይፈልግ የነበረው ሕዝብ ነው። ያ ሕዝብ የእኛው ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣብን ክርክር አለ። «ኦቴሎና ኤዲፐስ ለቡና ገበሬ ምኑ ናቸው? ይህ የከተሜ ቅንጦት ነው፤ ለሕዝቡ የሚያስፈልገው ሌላ ነው» የሚሉ አሉ። እነዚህ ወገኖች ለሕዝብ የቆሙ ይመስላቸዋል። እኛ ግን ሕዝቡን የናቁ ይመስሉናል። የጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ ሲቀመጡ ያየ ሰው ነገር በወግ ሲነሣ፣ በተራ ሲነገር፣ በጥሞና ሲሰማ አይቷል። በዳራሮ በዓል ማጌኖ ሲመሰገን ያየ ሰው ዜማና እንቅስቃሴ ከቃል ጋር እንዴት እንደሚሄድ አይቷል። ይህ ሕዝብ ቁም ነገር ያለው ትዕይንት እንዴት እንደሚታይ የሚያስተምረው አያስፈልገውም።

ስለ ይዘቱም ቢሆን እንነጋገር። «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ገበሬዎች በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ይነሣሉ፤ መሪያቸው አበጀ በለው ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። የጌዴኦ ገበሬ፣ ያኔ «ደራሳ» እየተባለ፣ በገባርነቱና ቡናውን በሚወስዱበት ባለ መሬቶች ላይ በሚችሌ የተነሣው ግን በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ልብ ወለዱ ከመታተሙ 6 ዓመት በፊት። ጦርና ዱላ ይዞ ጠመንጃ ገጠመ፤ ሰው አለቀ። እንግዲህ ለዚህ አገር ሰው ፊታውራሪ መሸሻ የሩቅ ሰው ናቸው? ምን ያህሉ አያቶቻችን አንዳንድ መሸሻን በስም ይጠሩልናል! የጎደለው የሚገባው ሕዝብ ሳይሆን የሚያሳየው ተዋናይ ነው። እኛም እስካሁን ሚችሌን በመድረክ አላየንም።

«ያለፈውስ አለፈ፣ ዛሬ ቪዲዮ አለ» ትሉን ይሆናል። ፈቃዱ ተክለማርያምን እንውሰድ። በመድረክ ሐምሌትን የተጫወተ፣ ኤዲፐስን የተጫወተ፣ ቴዎድሮስን የተጫወተ ሰው ነው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ዐረፈ፤ ለሕክምናው ሕዝብ ሲያዋጣለት ነበር። በእኛ ሰፈር ለፈቃዱ ያዘነው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ነው። ኤዲፐስ ዓይኑን አጥፍቶ ከቤተ መንግሥቱ ሲወጣ ፈቃዱ እንዴት እንደ ተራመደ የሚነግረን አንድ ሰው ዲላ ውስጥ ፈልገን አጣን። ሲሞትም ምን ተባለ? «ያ ግርማ ሞገስ ያለው ድምፅ!»

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። በየቴአትር ቤቱ መሳቢያ የተኛ ፎቶግራፍ፣ የዝግጅት ማስታወሻ የተጻፈበት ጽሑፈ ተውኔት፣ የትዕይንት መርሐ ግብር ካለ ይውጣ፣ ይባዛ፣ ለክፍለ ሀገር ተማሪም ይድረስ። ያዩት ሽማግሎች በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ፤ ጥያቄውም «እንዴት ይቆም ነበር? ምን ይሠራ ነበር?» ይሁን። አዳራሽ የሚያሠሩ ሰዎች ደግሞ ከስብሰባ ወንበር ሌላ መጋረጃ የሚሰቀልበት ቦታ፣ ተዋናይ ልብስ የሚቀይርበት አንዲት ክፍል ይተዉልን፤ ብዙ አልጠየቅንም።

እኛ በበኩላችን አዳራሽ እስኪሠራ አንጠብቅም። ገበሬዎቹ አቤቱታ ይዘው ፊታውራሪ መሸሻ ፊት የሚቆሙበትን ሁኔታ መነሻ አድርገን፣ አንድ አጭር ጨዋታ በጌዴኡፋ እያዘጋጀን ነው። ፊታውራሪው ብቻ አማርኛ ይናገራሉ፤ ይህን ሆን ብለን ነው ያደረግነው። በገበያ ቀን፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ማይክሮፎን እንጫወተዋለን። ሹክሹክታዋ ቡና ሻጮቹ ድረስ ትድረስ አትድረስ ያኔ እናያለን። ልምምዱ ዘወትር ዐርብ ከ10 ሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ነው። ገባሮች ሞልተውናል፤ ፊታውራሪ መሸሻን የሚሆን ሰው ግን ገና አላገኘንም፤ ድምፁ ወፍራም መሆን የለበትም፣ መቀመጥ ይወቅ እንጂ።