ቀብድ አደራ ነው

ሰው በሰው ላይ ያለው እምነት አጥብቆ የሚፈተነው በገበያ ነው። ዕቃና ገንዘብ እጅ በእጅ ሲለዋወጡ ክርክር እምብዛም አይነሣም፤ ገዢው ዐይቶ ይወስዳል፥ ሻጩም ቈጥሮ ይቀበላል። ክርክር የሚበዛው ገንዘቡ ዛሬ ተከፍሎ ዕቃው ወደ ፊት የሚሰጥ ሲሆን ነው። የቤት ዕቃ አዝዞ ማሠራት እንደዚህ ያለ ንግድ ነው። አልጋው ወይም ቁም ሣጥኑ ገና ሳንቃ ሳለ፥ ገዢው ቀብድ ሰጥቶ የሠሪውን ቃል ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ደብረ ታቦር የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ እንደ መሆንዋ፥ ከፋርጣና ከእስቴ፥ ከጋይንትና ከስማዳ ለጉዳዩ የሚመጣው ሰው የቤት ዕቃውንም በዚያው ያዝዛል። በጥር የሚሞሸር ወጣት፥ ወደ ወረዳ ተመድቦ የሚሄድ መምህር፥ ለጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛና ወንበር የሚያሠራ ሹም፥ ለሰበካ ጉባኤው አዳራሽ አግዳሚ የሚያሠራ አስተዳዳሪ፥ ሁሉም ቀብድ ይከፍላሉ። ሥራው በቀኑ ሲያልቅ ሠሪውም አሠሪውም ተመሰጋግነው ይለያያሉ። ቀኑ ሲያልፍ ግን «ነገ ና»፥ ነገም ሲደርስ «በሳምንቱ ተመለስ» ይከተላል። ከሩቅ ወረዳ የመጣው ሰው ለመኪናና ለማደሪያ የሚያወጣው ገንዘብ ይደራረብበታል። በመጨረሻም ቀብዱን እንኳ መልስልኝ ቢል፥ «ለእንጨት ወጥቷል» የሚል መልስ ያገኛል። ብዙ ሰውም «የተከፈለ ቀብድ አይመለስም» የሚል ሕግ ያለ ስለሚመስለው አዝኖ ዝም ይላል።

እንዲህ ያለ ሕግ ግን የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ ቁጥር 1885 ድረስ ስለ ቀብድ ነገሩን ለይቶ ደንግጓል። ይኸውም፥ ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ይሆናል፤ ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ከዋጋው ይታሰባል ወይም ለሰጪው ይመለሳል። ሌላ ስምምነት ካልተደረገ በቀር፥ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢተው ግን የተቀበለውን ዕጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ለምሳሌ በ40 ሺህ ብር ቁም ሣጥን ሊሠራ ተዋውሎ 10 ሺህ ብር ቀብድ የተቀበለ አናጢ፥ የተሻለ ዋጋ የሚከፍል ሌላ ሰው አግኝቶ የፊተኛውን ሥራ ቢተወው፥ የሚመልሰው 10 ሺህ ሳይሆን 20 ሺህ ብር ነው። እንግዲህ ቀብድ ሁለቱን ወገን በአንድነት የሚያስር ገመድ ነው እንጂ ገዢውን ብቻ የሚይዝ ወጥመድ አይደለም።

ሠሪው «አልሠራም» ሳይል ቀኑን ብቻ እያራዘመ ቢኖርስ? ለዚህም ሕጉ መንገድ አበጅቷል። ገዢው ውሉ እንዲፈጸምለት በማስጠንቀቂያ ይጠይቃል፤ በማስጠንቀቂያውም ተገቢ የሆነ ጊዜ ሊወስን ይችላል። ጊዜው ካለፈ ውሉ እንዲሰረዝለት ለመጠየቅ ይችላል። ውል ሲሰረዝም ሁለቱ ወገኖች በተቻለ መጠን ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ይመለሳሉ፤ ማለትም የተከፈለው ገንዘብ ለከፋዩ ይመለሳል። በመዘግየቱ ጉዳት የደረሰበት መሆኑን ያስረዳ ሰው ደግሞ ኪሣራ ሊጠይቅ ይችላል።

ዕቃው ተሠርቶ ከተሰጠ በኋላ ጉድለት የሚገኝበት ጊዜም አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፥ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ለመጠየቅ እንደሚችል ደነገገ፤ ነጋዴውም ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ አዘዘ። ይሁን እንጂ የእንጨት ጉድለት ሁልጊዜ በ15 ቀን አይገለጥም። በደጋው አገር በክረምት የተሠራ ዕቃ እንጨቱ በደንብ ያልደረቀ ከሆነ፥ በጋ ሲገባ ይኰማተራል፤ መጋጠሚያው ይላቀቃል፥ በሩ ይጣመማል፥ ሳንቃው ይሰነጠቃል። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ እንዲህ ላለው ስውር ጉድለትም ሻጩን ኀላፊ ያደርገዋል፤ ገዢው ግን ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ዐውቆ ዝም ያለ ሰው መብቱን በገዛ እጁ ያጠፋል።

ሠሪዎች ስለ መዘግየታቸው የሚያቀርቡት ምክንያት ብዙ ነው፤ እውነተኛውን ከማሳበቢያው መለየት ግን ይገባል። ከሁሉ የሚዘወተረው «እንጨት ተወደደ» የሚለው ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ከውጭ አገር የሚገባው ስፖንጅና ሙጫ፥ ቀለምና ማጠፊያ መወደዱ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሕጉ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መለወጥ ብቻውን ከዐቅም በላይ የሆነ ኀይል ሊባል እንደማይችል በቁጥር 1794 ገልጧል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ሠሪው በተዋዋለበት ዋጋ ይገደዳል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በደረሰው የጸጥታ መናጋት መንገድ የተዘጋበት ቀን ግን ነበረ። በእውነት መንገድ ተዘግቶበት ዕቃ ያላስመጣ ሠሪ ስለ መዘግየቱ ኪሣራ ባይጠየቅ ፍርድ ነው። ሥራው ከናካቴው የማይፈጸም ከሆነ ግን የሰው ገንዘብ ይዞ ለመቅረት ምክንያት አይሆነውም፤ መንገድ ተዘጋ ተብሎ አደራ አይበላምና።

ስለ ሠሪውም ቢሆን እውነቱን መናገር ይገባል። ብዙው አናጢ አታላይ አይደለም፤ ገንዘብ የሌለው ነው። የራሱ መነሻ ስለሌለው ዛሬ በተቀበለው ቀብድ የትናንቱን ሰው አልጋ ይጨርሳል፤ የዛሬውን ሰው ሥራ ደግሞ በነገው ሰው ቀብድ ሊጀምር ያስባል። ነገ አዲስ አዛዥ ያልመጣ እንደ ሆነ ግን ሁሉም አብሮ ይቆማል። እርጥብ እንጨት የሚሠራውም ስለዚህ ነው፤ ሳንቃ ገዝቶ እስኪደርቅ ወራት ለማስቀመጥ የሚሆን ገንዘብ የለውም። አሠሪውም ከነቀፋ ነጻ አይደለም። አዝዞ የሚጠፋ አለ፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ልኩንና መልኩን የሚለውጥ አለ፤ ዕቃውን ወስዶ ቀሪውን ገንዘብ የሚያዘገይም አለ። ያለ ሠሪው ጥፋት ሐሳቡን የለወጠ ሰው ቀብዱን ቢያጣ ሊያማርር አይገባውም፤ ሕጉ እርሱንም ያውቀዋልና።

ደብረ ታቦር የእጅ ሥራ ክብር የታየባት አገር ናት። በአጠገብዋ ባለችው በጋፋት፥ ዐፄ ቴዎድሮስ የሰበሰቡዋቸው ባለ እጆች ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሠርተው አስረክበዋል፤ መድፉም በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ግን ብረት ቀጥቃጩና እንጨት ጠራቢው፥ ሸማኔውና ፋቂው በሥራው ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ። ንጉሥ ስድብን በአዋጅ ለማስቀረት ይችላል፤ ታማኝነትን ግን በአዋጅ ለመስጠት አይችልም። የባለ እጅ ክብር የሚጠበቀው በገዛ ቃሉ ነው። ሕዝቡም «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው ቃል የሰው ስም መሠረት መሆኑን ስላወቀ ነው።

መድኀኒቱ ሩቅ አይደለም፤ አንድ ወረቀት ነው። እንዲህ ላለው ውል ሕጉ ጽሑፍን አላስገደደም፤ ስለዚህ በቃልና በምስክር የተደረገውም ውል ነው። ቢሆንም ክርክር በተነሣ ጊዜ ቃል ይረሳል፥ ምስክርም ይበተናል። በወረቀቱ ላይ የዕቃው ዐይነትና ልክ፥ የእንጨቱ ስም፥ ሙሉው ዋጋ፥ የመረከቢያው ቀን ይጻፍ። የተከፈለው ገንዘብ ቀብድ ይሁን ወይም ከዋጋው ላይ የተከፈለ ቅድሚያ ክፍያ መሆኑም ተለይቶ ይገለጥ፤ የዕጥፉ ደንብ የተሠራው ለቀብድ ነውና። ይህን ለመጻፍ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ባለመጻፉ የሚመጣው ክርክር ግን ዓመት ይፈጃል።

የከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት እንዲህ ያለውን አጭር የውል ወረቀት አሳትሞ በየአናጢው ቤት ቢያኖር፥ የቀብዱንም ደንብ በግድግዳ ላይ ቢያስለጥፍ ብዙ ሙግት ከመወለዱ በፊት ይቀራል። የቊጠባና ብድር ማኅበራትም ለታመነ ባለ እጅ መነሻ ቢያበድሩ፥ በአንዱ ቀብድ የሌላውን ሥራ መጨረስ ይቀንሳል። ሹማምንት ራሳቸው ለመሥሪያ ቤት ዕቃ ሲያሠሩ በውል ቢያሠሩና ቀሪውን ገንዘብ በቀኑ ቢከፍሉ ለሕዝቡ ምሳሌ ይሆናሉ።

ካህናትም በዚህ ነገር ትልቅ ድርሻ አላቸው። ብዙው ክርክር ከፍርድ ቤት አስቀድሞ የሚቀርበው ለንስሓ አባትና ለአገር ሽማግሌ ነው። ፍትሐ ነገሥት ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ራሱን የቻለ አንቀጽ እንዳለው ሊቃውንቱ ያውቃሉ፤ መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 11 ሐሰተኛውን ሚዛን፥ የያዕቆብ መልእክትም በምዕራፍ 5 የሠራተኛን ደመወዝ መቀማትን እንደሚነቅፉ ያስተምራሉ። የፊተኛው ለሠሪው፥ የኋለኛው ለአሠሪው ተግሣጽ ነው። ሽማግሌ ሊያስታርቅ ሲቀመጥ «ተወው፥ ግማሹን ይመልስልህ» ብሎ በዳይን ከማትረፍ ይልቅ፥ ሕጉ ለተበዳዩ የፈረደለትን አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል። ከዚያ በኋላ ይቅር ቢል ምሕረቱ የራሱ ይሆናል፤ መብቱን ሳያውቅ ቢተው ግን የተታለለ እንጂ ይቅር ያለ አይባልም።

ቀብድ የተቀበለ እጅ የሌላውን ሰው ተስፋ ይዟል። ወይ የተባለውን ዕቃ በተባለው ቀን ይስጥ፥ ወይም ገንዘቡን ሕጉ ባዘዘው መጠን ይመልስ፤ ሦስተኛ መንገድ የለውም።