ቪታራዬን ቀይር የምትሉኝ፣ መንገዱን ቀይሩልኝ!

በእኛ አገር የመንግሥት ውሳኔ እንደ በረዶ ነው። መቼ እንደሚወርድ አይታወቅም፤ ሲወርድ ደግሞ የደረሰ ጤፍ ላይ ይሁን ባዶ ግጦሽ ላይ አይመርጥም። በጥር ወር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ የፓርላማው ቋሚ ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ ከእንግዲህ በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል አገር ውስጥ አይገባም ብለው ቁጭ አሉ። በቃ! ጥናት አይታችኋል? ሕዝብ ተጠይቋል? እኔ አልተጠየቅኩም። በማግስቱ ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ እገዳ በመጣል ከዓለም አንደኛ ሆነች ተብሎ በየዜናው ተዘመረ። አንደኛ መሆን ደስ ይላል። ግን በምን መንገድ ላይ ለሚሄድ መኪና?

እኔ ይህን የምጽፈው ከቁይ ነው። ቁይን ለማታውቁ የፒያሳና የቦሌ አንባቢዎች፣ ቁይ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በስተላይ ጮቄ አለ፤ በስተታች ጤፍ የሚያበቅለው መረሬ አፈር አለ። ይህ መረሬ ለጤፍ ወርቅ ነው፤ ለጎማ ግን ጠላት። በጋ ላይ እንደ ሬሳ ሳጥን አፉን ይከፍታል፤ ሐምሌ ሲገባ እንደ ሊጥ ይሆንና ጎማውን አልፎ ፓራፋንጎው ሥር ይጋገራል። የሚያውቅ ያውቀዋል።

መኪናዬ ሱዙኪ ቪታራ ናት። እ.ኤ.አ. የ1996 ሞዴል፣ ሦስት በር፣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር፤ ከአንድ የውጭ ድርጅት በጨረታ የገዛኋት። ሱዙኪ ይህችን መኪና ያወጣት እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ በአገሯ በጃፓን ኤስኩዶ ይሏታል። ትንሽ ናት፣ ቀላል ናት፣ ክብደቷ 10 ኩንታል ገደማ ነው። ከዋጋዋና ከቁመቷ በላይ የሆነ ነገር ግን አላት፦ እንደ ትልልቆቹ ላንድክሩዘሮች ራሱን የቻለ ቻሲ ላይ የተቀመጠች፣ በአራት ጎማ የምትጎትት፣ ትንሿን ማርሽ ወደ ከባድ ስታስገባላት ደግሞ እንደ በቅሎ እያሰበች የምትራመድ ናት። በቅሎ ያልኩት ለማሞካሸት አይደለም። ጎጃሜ በቅሎን ያውቃል፤ ፈረስ የሚፎክርበት ሜዳ ሌላ ነው፣ በቅሎ የምታሳልፍህ ገደል ሌላ ነው።

አሁን "የተወደደች መኪና" ሲባል የከተማ ሰው የሚመስለው ቅዳሜ ታጥባ ሠርግ የምትሄደዋ ነች። የእኔዋ ሠርግም ሄዳለች፣ ግን ዋና ሥራዋ ሌላ ነው። ሌሊት በር ሲንኳኳ ሚስቴ "ማነው?" አትልም፤ ቁልፉን ነው የምታቀብለኝ። ምጥ የያዛት ሴት፣ ከዛፍ የወደቀ ልጅ፣ በጩቤ የተወጋ ጎረምሳ... ሁሉም በዚህች ቪታራ ደብረ ማርቆስ ደርሷል። አንደኛው ሕፃን እንኳን ሆስፒታል እስክንደርስ አልጠበቀንም፤ ኋላ ወንበር ላይ ተወለደ። ክርስትና ስሙ ሌላ ነው፤ የሰፈር ሰው ግን ዛሬም "ሱዙኪ" እያለ ይጠራዋል። እስቲ ፍረዱኝ፤ ይህችን መኪና በምን ልቀይራት?

መቀየሯ ግን አይቀርም። ወደ 30 ዓመት ሊሞላት ነው። ሞተሯ ሁለት ጊዜ ተበትኖ ተገጥሟል፤ ቻሲውን ዝገት በልቶታል። ባለፈው ማርቆስ ያለው መካኒኬ ከሥሯ ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣

"ጋሼ፣ እርስዎን መዋሸት አልችልም፤ ቻሲው ከዚህ በኋላ ብየዳ አይቀበልም" አለኝ።

"ታዲያ ምን ልግዛ?"

"እሱንማ እኔም ብነግርዎ ደስ ባለኝ።"

ይኸው ነው የአገሪቱ የገበያ ጥናት ማለት።

እንግዲህ እንቁጠር። አንደኛው መንገድ ሌላ አሮጌ መግዛት ነው። ይህን በር የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ገና ቀድሞ ገርበብ አድርጎት ነበር፤ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጫነበት። የጥር 2016ቱ ውሳኔ ጨርሶ ዘጋው። ስድስት ወር ገደማ ቆይቶ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ብር በገበያ ይወሰን ተባለና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ወጣ። አዲስ ካልገባ፣ አሮጌው ካልገባ፣ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ንጉሥ ይሆናል። ይኸው ደላላው የሰው ሊብሬ ይዞ፣ ገዢ የነበረበትን ዋጋ ሳይሆን ያለመውን ዋጋ ይጠራል። አሮጌ መኪና ከአገር ይጥፋ የተባለበት ሕግ አሮጌ መኪናን ሀብት አደረገው! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይህ ነው።

ሁለተኛው፣ የቪታራን ባሕርይ የወረሰችውን ታናሿን፣ ሱዙኪ ጂምኒን መፈለግ ነው። ቻሲ አላት፣ ከባድ ማርሽ አላት፣ ትንሽ ናት። ለቁይ የተሠራች ትመስላለች። ግን ቤንዚን ትጠጣለችና በሩ ተዘግቶባታል።

ሦስተኛው አዲስ አበባ የሞላው ኤሌክትሪክ ነው። ባለቤቴ ወንድም አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ "አይዲ ፎር ግዛና ዕረፍ" ይለኛል በየስልኩ። ሄጄ ነድቼዋለሁ። ለእውነት ምስክር ልሁንና፣ ግሩም መኪና ነው። ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው፤ ዳገት ላይ ሲረግጡት እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይወረወራል። ዓባይ በረሃን ሲወርድ ደግሞ ፍሬን የሚበላውን ጉልበት መልሶ ባትሪው ውስጥ ይከተዋል፤ ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ባትሪው እንደ መጉደል ትንሽ ጨምሮ ያገኙታል። እኔ ይህን ሳይ አፌን ከፍቼ ቀርቻለሁ። ቤንዚኑም ቢሆን በጥር 2017 ሊትሩ ከ101 ብር አልፏል፤ የእኔዋ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 10 ሊትር ትፈልጋለች፤ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። ኤሌክትሪኩ በዋጋ ያሸንፋል፤ አልክድም።

ግን መኪናው ከ20 ኩንታል በላይ ይመዝናል! የቪታራዬ እጥፍ ማለት ነው። አንድ ሞተር ያለው ደግሞ በኋላ ጎማው ብቻ ነው የሚነዳው። 20 ኩንታል ነገር በሁለት ጎማ እየተገፋ መረሬ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ክረምት ቁይ መክረም ይበቃል። ከመኪናው ሁሉ ውዱ ዕቃ፣ ባትሪው፣ የት እንደተቀመጠ ታውቃላችሁ? ከወለሉ ሥር ተነጥፏል። ሹል ድንጋይ ከሚያገኘው ቦታ! የእኔዋን ድንጋይ ቢመታት ጎሚስታና በያጅ አሉ። ያንን ድንጋይ ቢመታው ማን ዘንድ ልሂድ? ከቻይና በነጋዴ የገቡት ብዙዎቹ መኪኖች አገር ውስጥ ኃላፊነት የሚወስድላቸው ወኪል የላቸውም፤ መስታወቱ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ እንኳን ቻይንኛ ነው። "ፍሬን ተበላሽቷል" ይበል ወይስ "እንኳን ደህና መጣህ" ይበል በምን አውቃለሁ?

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ሞልቶ ከተነሳ ማርቆስ ይደርሳል እንበል። ከዚያስ? ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም ፈጣን የመኪና ቻርጅ ጣቢያ ሲከፍት የጀመረው ከቦሌ ነው። እሰየው። ቁይ መቼ ይደርሳል? ቤትህ ቻርጅ አድርግ ይሉኛል። እሺ፤ አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በቤት መስመር ልሙላ ስል፣ ምጣዱን ከ17 ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት እንደመጣድ ነው። ያውም መብራት ካልጠፋ! ትራንስፎርመሩ ለሰፈሩ ምጣድ አልበቃ ብሎ ሰው ሌሊት ተነስቶ በሚጋግርበት አገር፣ እኔ ለ17 ሰዓት ስስብ ጎረቤት ዝም የሚለኝ ይመስላችኋል?

እዚህ ላይ ዋናውን ነገር ልናገር። ክልላችን ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ገብቷል። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ኖረናል። በዚያ ሁሉ መሀል ቪታራዬን ያቆያት ምን መሰላችሁ? ጀሪካን! ማደያው ቢደርቅ፣ መኪና ቢታገድ፣ ቤንዚን በአህያ ተጭኖ ይመጣል። ኤሌክትሪክ በአህያ ይጫናል? ምሰሶ ወድቆ ከተማው ሦስት ቀን በጨለመ ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ደጄ ብትመጣ፣ "ባትሪው አልቋል፣ መብራት እስኪመጣ ጠብቂ" ልበላት?

የመንግሥትን መከራከሪያ አላውቅም እንዳትሉኝ። አገሪቱ ነዳጅ የላትም፤ በዓመት እስከ 6 ቢሊዮን ዶላር ለነዳጅ ይወጣል ብለዋል ሚኒስትሩ። በሌላ ወገን የዓባይ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። የራስን ወንዝ እየጠጡ መንዳት ማንም የሚጠላው ነገር አይደለም፤ ለዚያ ግድብ እኔም ቦንድ ገዝቻለሁ። ግን ውኃው የማን ነው? ጮቄ ላይ የዘነበው አይደለም እንዴ በደጃችን አልፎ ዓባይ የሚገባው! ውኃው ከእኛ ይወርዳል፤ መብራቱ ግን ወደ እኛ ዳገቱን መውጣት አቅቶታል። ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ገደማው የኤሌክትሪክ መስመር ሳይገባለት፣ የመኪናውን ጉዳይ በአንድ ጀንበር ጨረስነው ማለት ምን ማለት ነው?

ኖርዌይን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2024 እዚያ ከተሸጡት አዲስ መኪኖች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ኤሌክትሪክ ነበሩ። ያውም ነዳጅ አውጥታ የምትሸጥ አገር! ቤንዚን መኪና ግን አልከለከለችም። ታክሱን ከኤሌክትሪኩ አነሳች፣ በቤንዚኑ ላይ አከበደች፣ ቻርጅ ማድረጊያውን በየመንገዱ ተከለች፤ ሰው በገዛ ኪሱ አስልቶ ወደዚያ ሄደ። ለመሄድም ዓመታት ፈጀበት። የአውሮፓ ኅብረት እንኳን እገዳውን ሲያስብ 2035ን ነበር የቀጠረው። እኛ ማዘዝ ይቀናናል። ፋይናንስ ሚኒስቴር በ2014 የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ሲያደርግ ጥሩ ጀምሮ ነበር፤ በዚያው ቢቀጥሉ ምን ነበረበት? ማባበሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ዱላው መጣ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ባልናገረው ይቆጨኛል። እኛ ዘንድ ባለሥልጣን ሲመጣ በምን ይመጣል? ከስብሰባ አዳራሹ ደጃፍ የሚደረደሩትን አይቻለሁ። ስምንት ሲሊንደር ላንድክሩዘር ነው! ናፍጣውን እየጠጣ፣ መስታወቱን አጥቁሮ። እነሱ መንገዱን ስለሚያውቁት ነው በዚያ የሚመጡት። መንገዱ ለእነሱ ላንድክሩዘር ካስፈለገው፣ ለእኔ ምን አስልቶ ነው አይዲ ፎር የሚመርጥልኝ?

አራተኛው ምርጫ ይቀረኛል፤ እሱ ነው ልቤን የከፈለው። ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ኤሌክትሪክ ቪታራ አሳይቷል፤ ከነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕንድ ጉጅራት ውስጥ ይሠራል፤ ባለ 49 እና ባለ 61 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ነው፤ ሁለት ሞተር ያለው በአራቱም ጎማ ይነዳል። ስሙን ስሰማ ልቤ ዘለለ። ዝርዝሩን ሳይ ግን ቻሲ የለውም፣ ከባድ ማርሽ የለውም፣ ከመሬት ከፍታው 18 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ክብደቱም ወደ 19 ኩንታል ይጠጋል። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው አለች። ያም ሆኖ ከቀረቡልኝ ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው፤ በአራት ጎማ የሚጎትት ትንሽ መኪና ነውና። የሚያስገባው፣ የሚጠግነው፣ መለዋወጫ የሚያመጣለት ከተገኘ ቪታራዬን ሸጬ እሱን ለመግዛት ዝግጁ ነኝ። የሚሸጠው ሰው ግን ዕቃው ማርቆስ ድረስ እንደሚመጣ በጽሑፍ ይፈርምልኝ።

እስከዚያ ድረስ የምጠይቀው ይህን ነው፦ አስፋልት ለሌለው ወረዳ፣ ትንሽ ሞተር ላላት፣ በአራት ጎማ ለምትነዳ መኪና በሩን ክፈቱ፤ ሃይብሪድም ብትሆን ግድ የለኝም። ታክስ ጣሉባት፣ ቁጥሯን ወስኑ፣ ለአምስት ዓመት ብቻ በሉ። ደጀን ላይ አንድ፣ ማርቆስ ላይ አንድ፣ ቢቸና ላይ አንድ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ትከሉና ከዚያ በኋላ ኑ እንነጋገር። ቪታራዬ ቻሲዋ አንድ ክረምት ይችል እንደሆነ መካኒኩ በሚመጣው ሳምንት ከሥሩ ብረት ደርቦ ሊሞክርልኝ ነው። ቦሎዋም ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል።