ፖሊመር የገባበት ሬንጅና የፎገራ ዋልካ

ሬንጅን በፖሊመር አጠንክሮ ለመንገድ ሥራ ማዋል በውጭ አገሮች ከተለመደ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድ ጉዳይ በተነሣ ቁጥርም ይህን ቅመም ለብልሽቱ ሁሉ መድኃኒት አድርጎ የሚያስብ ሰው አይታጣም። ሐሳቡ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ በንግድ ዓለም ሙሉ ገንዘብ ያስከፍላል።

ሬንጅ በሙቀት ይለሰልሳል፣ በብርድ ይደርቃል። ኤስ ቢ ኤስ የሚባለው ፖሊመር ከሬንጁ ክብደት ከመቶ 3 እስከ 5 ያህል ሲገባበት ግን በውስጡ እንደ መረብ ተዘርግቶ የላስቲክን ጠባይ ይሰጠዋል፤ የሚለሰልስበትም የሙቀት ልክ ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቻይና እርዳታ መሠራት የጀመረው የወልድያ መንገድ በሚገነጠልበት በወረታ፣ ሩዝና ልዩ ልዩ ሸቀጥ የጫኑ መኪናዎች ፍሬን እየያዙ በሚታጠፉበት ስፍራ፣ የጎማ ቦይ እንዳይወጣ ቢጨመር ዋጋውን የሚመልስ ዕቃ ነው።

የፎገራ ሜዳ ዋነኛ ችግር ግን ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው የሚተኙበት ይህ ሜዳ ለሩዝ የተመቸበት ምክንያት ራሱ ለመንገድ ጠንቅ ነው። ዋልካው ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደግሞ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ከሥሩ የሚነሣና የሚሰምጥን መሬት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አስፋልት፣ የቱንም ያህል ቢለጠጥ፣ አይችለውም። በዚያ የሚያስፈልገው ዋልካውን ቆርጦ በጠጠራማ አፈር መተካት ወይም በኖራ ማርጋት፣ መንገዱን ከጎርፉ ልክ በላይ ማንሣት፣ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦዎችንም ማብዛትና ከደለል መጥረግ ነው። ቱቦ መጥረግ እርግጥ ሪባን የሚቆረጥለት ሥራ አይደለም።

ፖሊመሩም ቢሆን እንደ ጨው ተነስንሶ የሚቀር ነገር አይደለም። ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጋለ ሬንጅ ውስጥ በልዩ ወፍጮ ተፈጭቶ ይዋሐዳል፤ በጋን ውስጥ ሲቆይም ተመልሶ ሊለያይ ይችላል። ዕቃውን ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ ወፍጮውን፣ የማቆያ ጋኑንና ላቦራቶሪውን አብሮ ካላሰበ፣ የሸጠው በርሜል እንጂ መንገድ አይደለም። ሬንጁ ራሱ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ በመሆኑ ጥፋቱ የአንድ ነጋዴ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የወረታ የሩዝ ወፍጮ ባለቤቶችና የጭነት መኪና ባለንብረቶች የመንገድ አቤቱታቸውን በአንድ ቃል «አስፋልት ይጠገንልን» ከማለት ይልቅ ለመገንጠያው ፖሊመር፣ ለሜዳው ጠጠርና ቱቦ ብለው ለይተው ቢያቀርቡ ይሻላቸዋል፤ የቱቦውንም ጥያቄ ከሰኔ በፊት።