የውሃው መንገድ ይጠናቀቅ

ደቡብ ጣሊያንን በብስክሌት ለመዞር አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ምክር ቢጠይቀኝ፣ የፑልያን ባሕር ዳርቻ ትቶ ወደ ኢትሪያ ሸለቆ ይውጣ እላለሁ። በማለዳ ከሎኮሮቶንዶ ተነስቶ በቺስተርኒኖ በኩል ይሂድና የፑልያ የውሃ መስመር ጥገና መንገድ ውስጥ ይግባ። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1906 የተጀመረው ይህ መስመር የሴሌን ወንዝ ውሃ በ1915 ባሪ አድርሷል። ውሃው ያለ ፓምፕ በራሱ ቁልቁለት ስለሚወርድ ከላዩ ያለው መንገድም ዳገት የለውም ማለት ይቻላል። መኪና የለም፤ ሽማግሌም ልጅም ይነዱበታል።

ግራና ቀኙ ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ የተካበ ድንጋይ ነው። ጠጋ ብዬ ሳየው ትልልቁ ከውጭ ተደርድሮ መሃሉ በጠጠር ተሞልቷል፤ በየስንጥቁ እንሽላሊት ፀሐይ ይሞቃል። በዚሁ ጥበብ የተሠሩት የአልቤሮቤሎ ባለ ሾጣጣ ጣሪያ ቤቶች፣ ትሩሊ፣ በ1996 የዓለም ቅርስ ሆነዋል። እዚያ ቀትር ላይ መድረስ ግን አልመክርም፤ ሰው ይበዛል። በማርቲና ፍራንካ ዞሮ አመሻሽ ላይ መግባት ይሻላል።

መንገዱ ከካፖሴሌ እስከ ሳንታ ማሪያ ዲ ሌውካ 500 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲዘረጋ ታቅዶ ሳለ ለብስክሌት የተመቻቸው ቁራጭ ቁራጩ ነው። የክልሉ ገንዘብ ከአዲስ አስፋልት በፊት እዚህ ይዋል። በ2013 የታወቀው የዛይሌላ ባክቴሪያ የወይራ ዛፉን ያደረቀበት ገበሬ ደንበኛ ይፈልጋል። ባለ ብስክሌት ደግሞ ይደክመዋል፣ ይጠማዋል፣ ስለዚህም በየእርሻው ደጃፍ ቆሞ ይገዛል። ባለ መኪናው ያልፋል።