ከመሪ ኋላ በሶኮትራ

አንባቢ ሆይ፤ የዕረፍት ቀኖችዎን በእግር ጉዞ ለማሳለፍ ካሰቡና ጉልበትዎ የማይለግም ከሆነ፤ ዛሬ አንዲት ደሴት እንጠቁምዎታለን። ሶኮትራ ትባላለች። ግዛትነቷ የየመን ሲሆን፤ ከአፍሪካ ቀንድ ጫፍ በስተምሥራቅ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ትገኛለች። በመካከሏ የሐጅሂር ተራሮች እስከ 1,500 ሜትር ከፍ ብለው ተሰድረዋል።

አስቀድመው ግን ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛው ሰላሙን ነው። የመን ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ በጦርነት ስትታመስ ኖራለችና፤ መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳያረጋግጡ ጓዝዎን አይጠቅልሉ። ሁለተኛው ወራቱን ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ብርቱ ነፋስ ባሕሩንም የብሱንም ያናውጣል፤ ለእግረኛ የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ነው።

ጓዙን ግመል ይሸከምልዎታል። ለእርስዎ የሚቀረው ሶሉ የጠነከረ ጫማ፤ ውሃና ትዕግሥት ነው። የኖራ ድንጋዩ ስለት አለውና በነጠላ ጫማ አይድፈሩት። ከሁሉም በላይ የአገሬውን ተወላጅ መሪ ይያዙ፤ ውሃው የት እንዳለና ገደሉ በየት እንደሚወረድ የሚያውቀው እርሱ ነው። «ላገሩ እንግዳ፤ ለሰው ባዳ» መሆን እንዲህ ባለ ስፍራ ያስጠማል። መሪው የሚናገረው ሶቆጥሪ ደግሞ ከግዕዝና ከአማርኛ ጋር በዘር የሚገናኝ የሴም ቋንቋ ነው።

ዲክሳም ከሚባለው አምባ አጠገብ፤ ከፊርሚሂን ደን ሲደርሱ፤ ነፋስ የገለበጠው ጃንጥላ የመሰሉ ዛፎች ያያሉ። ልጣጩ ሲበጣ ቀይ ሙጫ ስለሚፈሰው ስሙ «የዘንዶ ደም» ተባለ። ቅጠሉ ጉሙን እየያዘ ወደ መሬት ያንጠባጥበዋልና፤ ለዚያ ደረቅ አገር ዝናብ አዳይ ነው።

እዚያ ቆም ይበሉና ለጋ ዛፍ ይፈልጉ። ብዙ ይደክማሉ። ያሉት ሽማግሌዎች ናቸው፤ የበቀለውን ሁሉ ፍየል ይግጠዋል። ሽማግሌዎቹንም ቢሆን በኅዳር 2015 እ.ኤ.አ. በአንድ ሳምንት ልዩነት የደረሱት ሁለት ማዕበሎች፤ ቻፓላና ሜግ፤ በሺህ የሚቆጠሩትን ነቅለው ጥለዋቸዋል። ልጅ የሌለው ቤት ማለት ይህ ነው። ዛሬ ችግኝ የሚያድገው ፍየል በማይደርስበት አጥር ውስጥ ነው፤ እርሱም ዛፍ እስኪሆን የሰው ዕድሜ አይበቃውም።

በሰሜኑ ጠረፍ ደግሞ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሆቅ የተባለ ዋሻ አለ። ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ ዳገቱን በእግር መውጣት ያስፈልጋል። በ2000 እና በ2001 እ.ኤ.አ. የቤልጅግ አሳሾች ከጨለማው ውስጥ ከ200 የሚበልጡ የጥንት ጽሕፈቶችና ሥዕሎች አገኙ። የሚበዙት በሕንድ ፊደል የተጻፉ ሲሆኑ፤ ከአክሱም ዘመን የመጡ የግዕዝ ፊደሎችም ይገኙባቸዋል። አብዛኞቹ የሚናገሩት የመርከበኛና የነጋዴ ስም ብቻ ነው። የእኛም ሰው እዚያ ደርሶ ነበር ማለት ነው!

ታዲያ ይህን አይተው ስምዎን ለመጻፍ እጅዎ ቢቃጣ ይከልክሉት። እሳት ለማንደድም የወደቀ ግንድ አይልቀሙ፤ ዛፉን ለማየትም ግንዱን አይብጡ። የመሪውን ዋጋ ሳይከራከሩ ይክፈሉ፤ ቆሞ ያለ ዛፍ ከፍየል ይልቅ እንጀራ የሚሆነው ከሆነ አጥሩን የሚጠብቀው እርሱ ነውና። ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው እግረኛ፤ ምናልባትም የልጅ ልጅዎ፤ ያችን ችግኝ ቆማ ያገኛት ዘንድ።