በሩን ማን ከፈተው?

የስደተኛን ኪስ ፈትሾ ሸሽቶት በመጣው መንግሥት ላይ ፍርድ መስጠት በእኛ ዘንድ እንደ ዕውቀት ከተቆጠረ ሰነባበተ። ቡና እየጠጣ ፖለቲካ የሚተነትን ሰው ሁሉ ሁለት ምሳሌ በጉያው ይዞ ይዞራል፤ ኩባንና ቺሊን። የአንደኛው ጎራ ሰው እንዲህ ይላል፤ «ማያሚን እይ! ካስትሮን ሸሽተው ባዶ እጃቸውን የመጡ ሰዎች ባንክ ከፍተው፣ ሕንጻ ገትረው፣ ከተማዋን የራሳቸው አደረጉ። ከፒኖቼ የሸሸው የቺሊ ግራ ዘመም ግን ስዊድን ገብቶ የመንግሥት ድጎማ ሲጠብቅ አረጀ።» የሌላው ጎራ ሰው ደሞ ይቀበልና፣ «የኩባ ስደተኛ የከበረው የደሃውን ላብ መጥጦ ስለወጣ ነው፤ የቺሊው ግን የተማረ፣ ለዓላማው የተሰደደ ነው» ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም በሰው ስደት የራሳቸውን ክርክር ነው የሚከራከሩት። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

መቼም ኩባ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም። ወታደሮቿ በኦጋዴን ጦርነት ከወታደሮቻችን ጋር ወድቀዋል። በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆቻችን የወጣቶች ደሴት በተባለው ቦታ በእሷ ትምህርት ቤቶች ተምረዋል። ስለዚህ ክርክሩ ሲነሳ ሞቅ ቢል አይገርመኝም። እኔን የሚያስቆጣኝ፣ ይኸው ንጽጽር ዞሮ ዞሮ የራሳችንን ልጆች መምቻ ዱላ መሆኑ ነው። ወደዚያ እመለስበታለሁ። አስቀድመን ግን እውነቱን እንየው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከኩባ እንጀምር። አብዮቱ በ1959 መጀመሪያ ላይ ድል ሲያደርግ ቀድሞ የወጣው ማን ነው? የስኳር ፋብሪካ ባለቤቱ፣ ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ ነጋዴው፣ የአሜሪካ ኩባንያ ሠራተኛው። እስከ 1962 ድረስ 200 ሺህ ገደማ ሰው ወጣ። ከእነዚህ መካከል ስሙ የሚጠራው ሮቤርቶ ጎይዙዌታ ነው፤ ከ1981 ጀምሮ በ1997 እስኪሞት ድረስ የኮካ ኮላ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ሰው። ከአገሩ ሲወጣ 40 ዶላርና 100 የኮካ ኮላ አክሲዮን ብቻ እንደነበረው ይነገራል። ሰው ሁሉ አርባዋን ዶላር ያስታውሳል። ከስኳር ከበርቴ ቤት መወለዱን፣ የል ዩኒቨርሲቲ ኬሚካል ምህንድስና መማሩን፣ ገና ሃቫና ሳለ ከ1954 ጀምሮ የዚያው የኮካ ኮላ ሠራተኛ እንደነበር የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። አርባ ዶላር ይዞ የወጣ ሌላ ሰው የል ዩኒቨርሲቲን አብሮ ይዞ አይወጣም እኮ!

ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ አስተምሬያለሁ። ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የማሳያቸው አንድ ነገር ነበር። በተረት ውስጥ ጀግናው ብቻውን አይሻገርም፤ ወንዙ ዳር አንዲት አሮጊት አለች፣ ወይም የሚናገር ወፍ አለ፣ ወይም በሩን በሌሊት የሚከፍት ዘበኛ አለ። ጀግናው ከከበረ በኋላ ተረቱ በግብሩ አዳራሽ ሲተረት ግን አሮጊቷ ትረሳለች፤ ጀግናው ብቻውን ይቀራል። የኩባውያኑም ታሪክ የሚነገረው በዚህ መንገድ ነው።

በዚህ ታሪክ የተረሳችው አሮጊት ማን ናት? የአሜሪካ መንግሥት ነው። የኬኔዲ አስተዳደር በ1961 የኩባ ስደተኞች ፕሮግራም የሚባል አቋቋመ። ለመጣው ሰው የኪስ ገንዘብ፣ ምግብና ሕክምና ሰጠ፤ ለተማሪው የትምህርት ብድር፣ ሥራ ወዳለበት ክፍለ ሀገር ለሚሄደው የመጓጓዣ ወጪ ሸፈነ። ሐኪሞቹ ፈተና አልፈው ዳግም ነጭ ጋዋን እንዲለብሱ የማያሚ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠኛ ከፈተላቸው። በ1966 ደግሞ ለኩባዊ ብቻ የሚሠራ ሕግ ወጣ፤ አሜሪካ ገብቶ ጥቂት ከቆየ (መጀመሪያ ሁለት ዓመት፣ በኋላ አንድ ዓመት) የቋሚ ነዋሪነት ወረቀት መጠየቅ ይችላል። ይሄንን ዓይነት ሕግ ያገኘ ሌላ ስደተኛ በዚያ ዘመን ጥቂት ነበር።

እርስ በርሳቸውም ተረዳድተዋል፤ ይሄ አይካድም። በሃቫና ባንክ የሠራ ሰው ማያሚ ሲመጣ ባንክ ውስጥ ገባ። ያለ ዋስትና፣ ያለ መያዣ፣ «አባቱን አውቀዋለሁ፣ ሃቫና ሱቅ ነበረው» በሚል ቃል ብቻ ለወገኑ አበደረ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንላለን። የእነዚህ ዕድል የተለየ ነው፤ በማያውቁት አገር የሚያውቃቸው አበዳሪ ቆያቸው። ግን ልብ በሉ፤ ይሄ ብድር ሃቫና ሱቅ ላልነበረው ኩባዊ አይሰጥም።

ማስረጃው በ1980 መጣ። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ድረስ 125 ሺህ ገደማ ኩባውያን ከማሪየል ወደብ በጀልባ ፍሎሪዳ ገቡ። አብዛኞቹ ላብ አደሮች ናቸው፤ ከፊተኞቹ ይልቅ ጥቁሮችና ክልሶች ይበዙባቸዋል። የካስትሮ መንግሥት ከእስር ቤት ያወጣቸውን ሰዎች ስለቀላቀለባቸው፣ ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም፣ ስሙ ለሁሉም ተረፈ። የቆየው ኩባዊ ራሱ «ማሪየሊቶ» የሚለውን ቃል ስድብ አደረገው። እንደ ፊተኞቹ ያለ ፕሮግራም አልጠበቃቸውም፤ ወረቀታቸው እንኳ ለዓመታት ተንጠልጥሎ ቆየ። ኑሯቸውም ከፊተኞቹ ኑሮ ብዙ ወርዶ ተገኘ። እንግዲህ ያው ሕዝብ፣ ያው ቋንቋ፣ የሸሹትም ያንኑ መንግሥት! «ኩባዊ ታታሪ ስለሆነ ከበረ» የሚለው ሰው ይሄንን እንዴት ያስረዳል? በዚያው ባሕር በጀልባ የመጣውንስ ሃይቲያዊ? እሱን ከ1981 ጀምሮ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ መሃል ባሕር ላይ እያስቆመ ወደመጣበት ይመልሰው ነበር። ታታሪነቱን የሚያሳይበት ምድር እንኳ አልረገጠም።

አሁን ወደ ቺሊ። መስከረም 11 ቀን 1973 ጄኔራል ፒኖቼ የፕሬዚዳንት አዬንዴን መንግሥት ገለበጠ። ብዙ ጊዜ በሚጠቀሰው ግምት 200 ሺህ ያህል ሰው አገሩን ጥሎ ወጣ። ወዴት? አሜሪካ አይደለም። በጊዜው በአሜሪካ ሕግ ስደተኛ ተብሎ የሚገባው ከኮሚኒስት አገር ወይም ከመካከለኛው ምሥራቅ የሸሸ ሰው ነበር፤ ዋሽንግተን ከምትደግፈው ጄኔራል የሸሸ ሰው በዚህ ትርጉም ውስጥ አይገባም። በቁጥር ጥቂት ቺሊያውያን ብቻ ናቸው በልዩ ፈቃድ የገቡት። አያችሁ? ኩባዊውና ቺሊያዊው ሁለቱም ተሰደዋል፤ ልዩነቱ የአንዱ አሳዳጅ የአሜሪካ ጠላት፣ የሌላው አሳዳጅ ወዳጅ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ቺሊያዊው ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ቬኔዝዌላ፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ወደ ስዊድን ተበተነ። ስዊድን በጎ አገር ነች። ቋንቋ አስተማረችው፣ ቤት ሰጠችው፤ ከ1976 ጀምሮ ደግሞ ሦስት ዓመት የኖረ የውጭ ዜጋ በአካባቢ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጥ ፈቀደች። ሆኖም በስዊድን ባንክ «አባቱን አውቀዋለሁ» የሚል ቺሊያዊ አልነበረም። መምህር የነበረው ሰው ሆስፒታል ወለል ወለወለ። ኢዛቤል አዬንዴን የመሰለች ጋዜጠኛ እንኳ በ1975 ካራካስ ስትገባ እንደ ልቧ የምትሠራው ሥራ አጥታ ለዓመታት በትምህርት ቤት አስተዳደር ሠርታለች፤ «የመናፍስት ቤት» የተባለው ልቦለዷ የወጣው በ1982 ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቺሊያዊው ሻንጣውን አልፈታም። ኩባዊው ከ1962 የሚሳይል ቀውስ በኋላ መመለሱ ቅርብ እንዳልሆነ እየገባው ቤት ገዛ፣ ሱቅ ከፈተ። ቺሊያዊው ግን ፓስፖርቱ ላይ «መግባት አይችልም» የሚል ትርጉም ያላት አንዲት ፊደል ታትማበት እንኳ፣ ፒኖቼ የሚወድቅበትን ቀን እየቆጠረ ለሰልፍና ለስብሰባ ነበር የሚያዋጣው። በ1988 ሕዝቡ በድምፁ ፒኖቼን እምቢ አለ፤ በ1990 ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ብዙ ስደተኛ ያለውን ሸጦ ተመለሰ። ነገ እሄዳለሁ የሚል ሰው ሕንጻ አይሠራም። ይሄ ስንፍና ነው እንዴ?

ደሞ ቺሊያዊ ስደተኛ ማለት ስዊድን የገባው ብቻ አይደለም። ደሃው ቺሊያዊ አንዲስን ተሻግሮ አርጀንቲና ነው የገባው፤ በ1991 የአርጀንቲና ቆጠራ ቁጥራቸው ከ200 ሺህ በላይ ነበር። ፓታጎኒያ ከሰል ቆፈረ፣ በጎች ሸለተ፣ በሪዮ ኔግሮ ሸለቆ ፖም ለቀመ። ከሃምሳ ዓመት በላይ እየሠራ ማንም «ስኬታማ ማኅበረሰብ» ብሎት አያውቅም። አሜሪካ ያሉትስ? በ2021 መረጃ የኩባ ተወላጆች 2.4 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ ቺሊያውያኑ 200 ሺህ እንኳ አይሞሉም። ይሁንና ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ድርሻም፣ የቤተሰብ ገቢያቸውም ከኩባውያኑ ይበልጣል! የመጀመሪያው ጎራ ሰው ይሄንን ሲሰማ ዝም ይላል። የሁለተኛው ጎራ ሰው ግን እንዳይጨፍር፤ ያን ሁሉ ርቀት በአውሮፕላን አቋርጦ፣ ቪዛ አግኝቶ አሜሪካ የሚገባው ቺሊያዊ ሲጀመርም የተማረው ነው። ወንፊቱ የመረጠውን እያዩ ስንዴውን ሁሉ ማመስገን አይቻልም።

«ታዲያ ሥራ ዋጋ የለውም ልትለን ነው?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አላልኩም። ጠበቃ የነበረ ኩባዊ ማያሚ ሆቴል በር ላይ መኪና አቁሟል፤ ሚስቱ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውላለች። ላባቸውን የሚያቃልል ሰው ነውረኛ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ላብ የሚያበዛው በእጅ ያለውን ነው፤ ወረቀት ያለው ሰው ላብ ቤት ይሆናል፣ ወረቀት የሌለው ሰው ላብ የሌላ ሰው ቤት ይሆናል። ኩባውያኑ ራሳቸው ዛሬ ያውቁታል። በ2022 እና በ2023 በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አዲስ ኩባውያን አሜሪካ ገቡ፤ በ2023 የተከፈተው ልዩ የመግቢያ ፈቃድ በ2025 ተሰረዘና ብዙዎቹ የሥራ ፈቃዳቸውን አጡ። ከጎይዙዌታ ይልቅ ሰነፎች ስለሆኑ ነው?

ወደ ራሳችን ልመለስ ብዬ ነበር። አሜሪካ በ1980 የስደተኛ ሕጓን ቀይራ «ከኮሚኒስት አገር» የሚለውን አጥር ስታነሳ፣ በሱዳን በኩል ከተሻገሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በዚያ በር ገቡ። ዛሬ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ምግብ ቤት የከፈተው፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ያስገባው ወገናችን የዚያ በር ሰው ነው። ጎበዝ ነው፣ ይገባዋል። ወደ ዓረብ አገር የሄደችው እህቱ ግን በምን በር ገባች? ካፋላ በሚባለው ሥርዓት፤ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ መሳቢያ፣ ያለ እሱ ፈቃድ ሥራ መቀየር ወንጀል ሆኖባት። ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ ከለበሱት ልብስ በቀር የረባ ነገር አልነበራቸውም። ከዋሽንግተኑ ወንድሟ ያነሰ ሠርታ ነው የሚል ካለ፣ አንድ ቀን ብቻ በእሷ ቦታ ቆሞ ይይ።

እኛስ ምን እናደርጋለን? ለቅሶ ቤት ሳይቀር ልጆቹን እናሰልፋለን። «የእነ እገሌ ልጅ አሜሪካ ሦስተኛ ቤቱን ገዛ፤ ያንቺዋ ምነው ከቤይሩት ባዶ እጇን መጣች?» እናቲቱ አንገቷን ትደፋለች። ልጅቱ በሁለተኛው ወር ሌላ ደላላ ጋ ትሄዳለች፤ ኀፍረቱ ከባሕሩ ይልቅ ስለሚያስፈራት። ይሄ ነው እንግዲህ የኩባና የቺሊ ንጽጽር መንደር ሲገባ የሚሠራው ሥራ።

ማነጻጸር ክፉ ነው አላልኩም። የሚያነጻጽር ሰው ግን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ስደተኛው መቼ ወጣ? ከቤቱ ምን ይዞ ወጣ? በየትኛው ወረቀት ገባ? የተቀበለው አገር ከአሳዳጁ ጋር ምን ነበር? ሊኖር ነው የሄደው ወይስ ሊመለስ? እነዚህን ከጠየቀ በኋላ የቀረውን ልዩነት ለታታሪነት ይስጥ፤ እኔም አብሬው አጨበጭባለሁ። እስከዚያው ድረስ ግን ካስትሮንም ፒኖቼንም በራሳቸው ሥራ፣ በእስር ቤቶቻቸውና በገደሏቸው ሰዎች ፍረዱባቸው እንጂ የማያሚን ሕንጻ ምስክር አትጥሩ። የሰውንም ልጅ በዚያ ሕንጻ ጥላ ሥር አቁማችሁ አታሳንሱ።