«አባባ፣ ዋጋው ተሳስቶ ነው»

አንድ አባት ማቀዝቀዣ በ2,400 ሼቄል ገዝተው፣ ከፍለው፣ ዕቃው ቤት ገብቷል። በሳምንቱ ሻጩ ይደውላል፦ «አባባ፣ ዋጋው ተሳስቶ ነው፤ 600 ይጨምሩ»። ስንቱ ሽማግሌ ነው «ከሰው ከምጣላ» ብሎ የሚከፍለው! ጨዋነት ነው፤ ግዴታ ግን አይደለም።

በ1981 የወጣው የእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ፣ ኩፓው ላይ ከፍ ያለ ዋጋ ቢመጣ እንኳ ገዢው በዕቃው ላይ በተጻፈው ዋጋ የመግዛት መብት አለው ይላል። ሽያጩ ካለቀ በኋላማ ሻጩ ስህተቱን ለፍርድ ቤት ያስረዳ እንጂ ያለ ፈቃድ ከካርድ ላይ ገንዘብ ሊቆርጥ አይችልም። እርግጥ 2,400 ለማለት 24 ተጽፎ ከሆነ ስህተቱን ገዢውም ያውቀዋል፤ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ሻጩ አሻፈረኝ ካለ ትንንሽ ክሶችን የሚያየው «ተቪዖት ክታኖት» አለ፤ ጠበቃ መያዝ አያስፈልግም። ደረሰኙ ግን፣ ዕብራይስጡ ባይነበብም፣ አይጣል።